ተበዳይ ያልተጠየቀበት ዕርቅ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰውም ቂም የያዘውን ሰው ለማባበል ወይም ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ምሳሌው ከዚህ የጠለቀ ትምህርት አለው። የወጋው ቶሎ የሚረሳ ከሆነ፣ የነገሩን እውነት ጠብቆ የሚያኖረው የተወጋው ነው። እንግዲያስ ያለ እርሱ ቃል የተደረገ ዕርቅ አንዱ ወገን ብቻ ተሰምቶ እንደ ተሰጠ ፍርድ ይቆጠራል። ላይ ላዩን ሲያዩት ጸጥታ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍም ያዘለ ዐመድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ አገራችን ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ዕርቅ ስታደርግ ሴት ልጅን በምን ቦታ አስቀመጠቻት? መያዣ አደረገቻትን ወይስ አስታራቂ? ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሳችን ታሪክ እንነሣ።

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚሄድ መንገደኛ በሲሪንቃ ያልፋል። ሲሪንቃ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ስሟ የሚታወቅ ስፍራ ናት። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የጁ ይባላል። ከዚህ አገር የተነሡት መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ ዓሊ አንሥቶ እስከ ትንሹ ራስ ዓሊ ድረስ፣ ሰባ ዓመት ያህል በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ገዝተዋል። ያ ዘመን ዘመነ መሳፍንት የተባለው ነው፤ ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ አንዱ መስፍን በሌላው ላይ እየተነሣ፣ ገበሬው ለማን እንደሚገብር ሳያውቅ ያለቀ ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ጦርነት ሲያልቅ የሰላሙ ውል የሚጻፈው በብራና ላይ ብቻ አልነበረም፤ በሴት ልጅ ላይም ነበር። ድል የሆነው ለድል አድራጊው፣ የፈራው ለተፈራው ልጁን ይድራል። ሠርጉ የዕርቅ ማኅተም ይሆናል። ይህን ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ የየጁ መሳፍንት ቤት የራሱ ታሪክ ነው።

ካሣ ኃይሉ የሚባል ጎበዝ በቋራ ሸፍቶ ኃይሉ እየበረታ በሄደ ጊዜ፣ ትንሹ ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን ሰውየውን በጦር ከመግጠም በጋብቻ ማሰር ይሻላል ብለው አሰቡ። ስለዚህ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ምክሩ ብልህነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ሰላሙ አልቆየም። በ1839 ዓ.ም. ካሣ የእቴጌ መነንን ጦር ድል አድርጎ ራሳቸውን እቴጌይቱን ማረካቸው። እንደገና ታረቁ፤ እንደገናም ተጣሉ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የደጃዝማች ጎሹ ጦር ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በዓይሻል የራስ ዓሊ ጦር ተፈታ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወይዘሮ ተዋበች ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር እስቲ እናስብ። የሚዋጉት አባታቸውና ባላቸው ናቸው። አንዱ ድል ባደረገ ቁጥር የሌላው ኀዘን የእርሳቸው ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ለባላቸው ታማኝ ሆነው መጽናታቸውን ያመሰግናሉ፤ በነሐሴ 1850 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜም ዐፄ ቴዎድሮስ እጅግ አዝነዋል። የተመሰገኑት ግን ሌሎች በቈረጡት ውል ውስጥ በመልካም ጠባይ ስለ ኖሩ ነው እንጂ ውሉ ሲቈረጥ የተጠየቁ ስለ ነበሩ አይደለም። በአባታቸውና በባላቸው መካከል ድልድይ እንዲሆኑ ተሰጡ፤ ነገር ግን ድልድዩ ላይ ሁለቱም ወገን ረገጡበት እንጂ ማንም አላማከረውም።

ከወይዘሮ ተዋበች ሞት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ሆነው ታስረው ነበር። እስረኛው አባት፣ አሳሪው ባል ሆኑ ማለት ነው። ይህም ጋብቻ እንደ ፊተኛው የሁለት ቤቶችን ጠብ ያበርዳል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ደጃዝማች ውቤ ግን ነጻነታቸውን ሳያዩ ሞቱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘ ጊዜ እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ከጦሩ ጋራ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ። ልጁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በወጣትነቱ ከወገኑ ርቆ ዐረፈ።

ሦስተኛዋ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። እርሳቸው በመያዣነት የተሰጡ ሴት አልነበሩም፤ አገር የሚገዙ፣ ጦር የሚያዝዙ ወይዘሮ ነበሩ። ይሁን እንጂ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር ገቡ። ወይዘሮይቱ የወደቁበት ጭንቅ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» እንደ ተባለው ነው። እንግዳቸውን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸው ይፈታ ይሆናል፤ ባይሰጡ ልጃቸው ይሞታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በምኒልክ ማምለጥ ተቈጥተው የወሎን እስረኞች ሲያስገድሉ የወይዘሮ ወርቂት ልጅም አብሮ ተገደለ። ወይዘሮ ወርቂት ምኒልክን በሰላም ወደ ሸዋ ሸኟቸው።

እነዚህን ሦስት ወይዛዝርት በአንድ ላይ ያነሣናቸው በዕድላቸው ለማዘን ብቻ አይደለም። ሦስቱም አንድ ነገር ያስተምሩናል። ሰውን መያዣ አድርጎ የተደረገ ሰላም ለመያዣው ሞት፣ ለተዋዋዮቹም ጦርነት ሆኖ ይመለሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መያዣ ማለት ውሉ ሲፈርስ የሚጠፋ ነገር ነው። ሴት ልጅ የሰላም መያዣ ከሆነች፣ ሰላሙን የሚጠብቀው የእርሷ ጉዳት ፍርሃት ብቻ ይሆናል፤ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት አይፈራም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ የመሳፍንት ነገር ነው፣ ዛሬ የለም ትል ይሆናል። ነገር ግን ይኸው ሐሳብ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በገበሬው መንደር ብዙ ዘመን ኖሯል። ስሙም ጠለፋ ይባላል።

የጠለፋ ሥርዓት እንዴት እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያውቁታል። አንዲት ልጃገረድ ውሃ ስትቀዳ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረምሶች ይይዟታል። ልጅቱ ከተደፈረች በኋላ ጠላፊው ሽማግሎች ወደ አባቷ ይልካል። ሽማግሎቹ በመልካም አንደበት ይለምናሉ፤ «የሆነው ሆኗል፣ ደም እንዳይፈስ፣ ዝምድናው ይሻላል» ይላሉ። ካሳ ይቈረጣል፤ ከብት ይሰጣል፤ አባት ይታረቃል። ሁለት ቤተ ሰብ ከደም ዳነ ተብሎ ይመረቃል። ልጅቱ ግን ከደፋሪዋ ጋራ ጎጆ ትገባለች። በዚያ ሸንጎ ላይ ሁሉም ተናግሯል፤ የተበደለችው ብቻ አልተናገረችም።

የጻፍነው ሕግም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ተጠላፊዋ በነጻ ፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋራ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ ይቀር ዘንድ ፈቅዶ ነበር። ተይዛ፣ ተደፍራ፣ አባቷም ካሳ ተቀብሎ ሳለ ነጻ ፈቃድ ከወዴት ይመጣል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ወደ ሌላ ጦርነት ማብቂያ እንምጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት የቈየው የእርስ በርስ ጦርነት አበቃ። ወሎም በዚያ ጦርነት ውስጥ ብዙ ልጆቿን ገብራለች። ጦርነቱ ሲያልቅ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቅ ጀመር፤ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። በዚህ ሥራ በሕግ አማካሪነት ካገለገሉት አንዷ በአሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ከዚያ ቀደም በከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠርተዋል። ሕገ መንግሥቱ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ፤ ለሴቶችም እኩል መብት ሰጠ።

ወይዘሮ መዓዛ ግን አንድ ነገር ተረድተው ነበር። ጦርነት ሲያልቅ ወንዶች ጠመንጃቸውን ያስቀምጣሉ፤ በቤትና በመንደር ያለው ግፍ ግን በራሱ ጊዜ አያልቅም። በወረቀት ላይ የተጻፈ መብትም የሚከራከርለት ሰው ከሌለው በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ነው። ስለዚህ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1995 ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋራ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ዋጋ ምክር ይሰጥ፣ አቤቱታ ይጽፍ፣ በችሎት ይቆም ጀመር።

በዓመቱ አንድ ነገር ሆነ። በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደበደበች፤ ተደፈረች። ልጅቱ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲደርሱባት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ስሟን እዚህ የማንጽፍበት ምክንያት አለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚህን ነገር ክብደት አስተውል። ልጅቱ በልማዱ መሠረት ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ሽማግሎች ይታረቁባት ነበር። ዝም ስላላለች ደም አፍሳሽ ተባለች። የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነገሩን ይዞ ቆመላት፤ ልጅቱ የሠራችው ነፍሷንና ክብሯን መከላከል ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ ራስን መከላከል መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት።

የአንዲት ልጅ ነጻ መውጣት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙ ከዚያ አለፈ። ያ ችሎት በሽማግሎች ሸንጎ ላይ ያልተጠየቀችውን ሴት ልጅ ጠየቃት፤ የሰጠችውንም ቃል እውነት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩና ሌሎች የሴቶች መብት ተከራካሪዎች ሕጉ እንዲለወጥ አጥብቀው ወተወቱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ ተጠላፊዋን ቢያገባም እንኳ ከቅጣት እንደማያመልጥ ደነገገ። የ1949ኙ በር በዚህ ተዘጋ።

መንገዱ የቀና አልነበረም። አንድ ጊዜ ማኅበሩ ከሥራው ታግዶ ከሳምንታት በኋላ ተለቀቀ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ ደግሞ በሰብአዊ መብት ሥራ ላይ የተሰማሩ ማኅበራት ከውጭ አገር የሚያገኙትን ገንዘብ ከመቶ አሥር እንዳያልፍ ስለ ወሰነ የማኅበሩ አቅም እጅግ ደከመ፤ ሕጉ የተለወጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚያ መንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስም አገለገሉ።

አሁን ወደዚያች ልጅ ስም እንመለስ። ታሪኳ በፊልም ተሠርቶ በውጭ አገር ተሸለመ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊታይ በቀረበበት ሰዓት ግን ባለ ታሪኳ ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ለፍርድ ቤት አመልክታ ስለ ነበር ፊልሙ እንዳይታይ ታገደ። ለእርሷ መብት የቆሙ ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። ነገር ግን ቢያስተውሉት ልጅቱ የተናገረችው ያንኑ የቀድሞውን ቃል ነው፤ «ስለ እኔ ስትወስኑ እኔን ጠይቁኝ» ማለቷ ነው። በክፉ የበደላትም፣ በደግ ያመሰገናትም ቢሆን ሳይጠይቃት የእርሷን ነገር የራሱ ሊያደርግ አይገባውም። ስሟን ያልጻፍነውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ መስማት ይገባናል። አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ «ፍርድ ቤት ወንጀለኛውን ያስራል፤ ሲፈታ ግን ተመልሶ የሚኖረው ከበደለው ሰው ጎረቤት ነው። ሽምግልና ባይኖር ደም ደምን እየጠራ አገር በጠፋ ነበር። ሽማግሌ የሚያየው የአንድን ሰው ነገር ሳይሆን የሁሉን ደኅንነት ነው።» ይህ ቃል በከንቱ የሚጣል አይደለም። ሽምግልና ብዙ ነፍስ አትርፏል። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤት ውስጥ ተጋብቶ፣ በአንድ ዕድር ተቀብሮ፣ በአንድ ሸንጎ ተዳኝቶ የኖረው በሽማግሌና በአባጋር ጥበብ ነው። የዱበርቲዎችም ምርቃት በኀዘንና በድርቅ ዘመን ሕዝቡን አጽናንቷል።

ነገር ግን የዚሁ የሽምግልና ሥርዓታችን ልብ ምን እንደሚል እንመርምር። ሰው ሲገደል ዕርቁ እንዴት ነው? የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል። ሽማግሎች ደጋግመው ይለምናሉ። የሟች ወገን እሺ ካላለ ዕርቅ የለም። የተጎዳው ወገን ቃል የነገሩ ማሰሪያ መሆኑን አባቶቻችን በደም ነገር አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሟቹ መናገር ስለማይችል ወገኑ ስለ እርሱ ይናገራል። የተደፈረችው ልጅ ግን አልሞተችም፤ አፍ አላት። እርሷ በሕይወት ሳለች አባቷን እንደ ተበዳይ ቈጥሮ መለመን እርሷን እንደ ሟች መቍጠር ነው። እንግዲህ ጉድለቱ የሽምግልና አይደለም፤ ሽምግልና የራሱን ደንብ በሴት ልጅ ላይ ሲደርስ መርሳቱ ነው።

ሴት ልጅ ከመያዣነት ወጥታ አስታራቂ ስትሆን ምን እንደሚሆን ለማየት በአፍሪካ ምዕራብ ያለችውን ላይቤሪያን እንመልከት። ያች አገር በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1989 ጀምሮ እስከ 2003 ድረስ በሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች ታመሰች። ሌይማ ቦዊ የተባለች የልጆች እናት በጦርነቱ የቈሰሉ ሰዎችን ስታጽናና ቈይታ ሴቶችን ታሰባስብ ጀመር። ክርስቲያኖችና እስላሞች ሴቶች አብረው ነጭ ለብሰው በሞንሮቪያ የዓሣ ገበያ አጠገብ በፀሐይና በዝናም እየተቀመጡ ሰላም እንፈልጋለን አሉ። ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለርም ሊቀበላቸው ግድ ሆነበት። በ2003 በጋና ዋና ከተማ በአክራ የተሰበሰቡት ተደራዳሪዎች በመልካም ሆቴል እያደሩ ነገሩን ባንዛዙት ጊዜ፣ ሴቶቹ ከአዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው ስምምነት ሳታደርጉ አትወጡም ብለው ከለከሏቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሰላሙ ውል ተፈረመ። ሌይማ ቦዊም በ2011 ከሁለት ሴቶች ጋራ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለች።

የእኛም አገር እናቶች በሚጋደሉ ወንዶች መካከል ነጠላቸውን አንጥፈው «በጠባችሁት ጡት» ብለው ሲለምኑ ኖረዋል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። የእኛ እናት ነጠላዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ውሉን የሚቈርጡት ሌሎች ናቸው። የላይቤሪያ ሴቶች ግን ውሉ ከሚቈረጥበት አዳራሽ በር ላይ ተቀመጡ። ልመና ወደ ሥልጣን የሚለወጠው በዚህች አንዲት እርምጃ ነው።

ይህን ሁሉ መናገራችን የቈየ ታሪክ ለማጫወት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ባላስፈለገ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተጀመረው ጦርነት በዓመቱ ማብቂያ፣ በነሐሴ፣ ወደ ወልድያ ደረሰ። ከተማይቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በትግራይ ኃይሎች እጅ ቈየች። የሲሪንቃ የምርምር ማዕከልም ለገበሬው የተሻለ ዘር ሲያዘጋጅ የኖረ ቤት ሳለ ተዘረፈ። በዚያ ጦርነት በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም በሴቶች ላይ ግፍ ተፈጽሟል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ስለ ትግራይ ባወጡት የጋራ ምርመራ ተዋጊ ወገኖች ሁሉ በዚህ ወንጀል እጃቸው እንዳለበት መዝግበዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ስሙን ያሰፈሩት ሁለቱ ዋና ተደራዳሪዎች ወንዶች ነበሩ፤ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ካሸመገሉት ሦስት ሰዎች መካከል ግን የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ነበሩበት። ስምምነቱ የመድፉን ድምፅ ጸጥ አድርጎ ነፍስ አተረፈ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። አንዱ ቍስል ሳይጠግ ሌላ ቍስል መጣ ማለት ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲው እውነት ስለ ማውጣት፣ ስለ ክስ፣ ስለ ካሳና ስለ ዕርቅ ይናገራል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉን በየመንደሩ የሚፈጽሙት ሰዎች ናቸው።

በየመንደሩ ሽማግሎች ተቀምጠው «ያለፈው አለፈ» የሚባልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ቀን በጦርነቱ የተደፈረች ሴት ከየት ትሆናለች? ከቤቷ ተቀምጣ ሌሎች ስለ እርሷ ይቅር ሲሉላት ትሰማለችን? ወይስ ከአደባባዩ መካከል በክብር ተቀምጣ፣ ልትናገር ብትፈልግ ተናግራ፣ ዝም ልትል ብትፈልግም ዝምታዋ ተከብሮላት፣ ይቅርታ ማድረግና አለማድረጓ በእርሷ ፈቃድ ይሆናል? የሰላሙ ዕድሜ በዚህ ጥያቄ መልስ ይለካል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል አባባል አለን። እንደዚህ ያለው አባባል ሲወርስ የኖረው ቤት በዓይሻል ሜዳ ላይ ምን እንደ ሆነ አይተናል። በወንድ ብቻ ያለቀ ነገር ሁሉ አላለቀም፤ ለልጅ ልጅ ተላለፈ እንጂ።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ነገ የቤተ ሰብ አለቃ፣ የቀበሌ ሹም፣ ጠበቃ፣ ዳኛ ወይም የአገር ሽማግሌ ትሆናላችሁ። ዕርቅ በሚደረግበት ስፍራ ስትቀመጡ ከምርቃቱ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ማነው? እርሱ ወይም እርሷ እዚህ አለን? ያለ ፍርሃት ተናግሯልን? መልሱ የለም ከሆነ ስብሰባው ይቈይ፤ መልእክተኛ ይሂድ፤ ተበዳይ ይምጣ። አንድ ቀን የዘገየ ዕርቅ ቸኵሎ ከፈረሰ ዕርቅ ይሻላል። የምታፍር ካለች በሌላ ሴት አንደበት ትናገር፤ መናገር የማትፈልግ ካለች ይከበርላት፤ በእርሷ ስም ግን ማንም ከብት አይቀበል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚጠይቃትና የሚሰማት ሰው ትሻለች።